አባት የጠፋበት ቤት

እንግሊዛዊቷ የልጆች ደራሲ ኢዲት ኔስቢት አባቷ ሲሞቱ አራት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1862። በ1906 በመጽሐፍ በወጣው «የባቡር ሐዲዱ ልጆች» አባት አንድ ምሽት ከቤቱ ይወሰዳል። የመንግሥት ምስጢር ሸጠሃል ተብሎ አምስት ዓመት እንደተፈረደበት ትልቋ ልጅ የምታውቀው ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ አንብባ ነው። ሰውየው ንጹሕ ነው። ፍርድ ቤትም ሊሳሳት እንደሚችል ለልጅ የሚነግር መጽሐፍ፣ ሕግ ለተማርኩት ለእኔ፣ ብዙ አላጋጠመኝም።

የራሷም ቤት ምስጢር ነበረው። ባሏ ሁበርት ብላንድ ከጓደኛዋ ከአሊስ ሆትሰን የወለዳቸውን ሁለት ልጆች እንደ ራሷ አድርጋ አሳደገች። እንዴት ቻለችው? በ1900 ፋቢያን የተባለው የ15 ዓመት ልጇ ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ሞተባት። በ1902 ያሳተመችውን «አምስቱ ልጆችና እሱ» መታሰቢያነቱን የሰጠችው ለጆን፣ ከአሊስ ለተወለደው ልጅ ነው። በ1924 ኬንት ውስጥ አረፈች።