አበበ ቢቂላ በኢላማው ፊት

የኩዌት ስፖርተኞች እስካሁን ከኦሎምፒክ መድረክ ይዘዋቸው የተመለሱት ሜዳሊያዎች በሙሉ የተገኙት ከአንድ ስፖርት፣ ከኢላማ ተኩስ ነው። ፉሐይድ አል-ዲሓኒ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ለአገሩ የመጀመሪያውን ነሐስ አስገኘ፤ በ2012 በለንደን ሌላ ነሐስ ጨመረ፤ በ2016 ደግሞ በሪዮ በኦሎምፒክ ባንዲራ ሥር ተወዳድሮ ወርቅ ወሰደ። ዓብዱላህ አል-ራሺዲም ወደ ስድሳ በተጠጋ ዕድሜው በቶኪዮ የነሐስ ሜዳሊያ አጥልቋል። በሐወሊ፣ በሳልሚያ ወይም በፈርዋኒያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የእነዚህ ሰዎች ስም ሲወሳ መስማት እንግዳ አይደለም።

የኢላማ ስፖርት በተነሳ ጊዜ ግን ኢትዮጵያዊው የራሱን አገር ሰው አያስታውስም። የኢትዮጵያ ስም የተያያዘው ከሩጫ ጋር ነውና። ይሁንና ከሯጮቹ ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት እየሳበ በኢላማ ፊት ተወዳድሯል። ይህ የታሪኩ ክፍል ሲተረክ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የሰውየውን ጠባይ ለማወቅ ለሚሻ ግን ከሮምና ከቶኪዮ ድሎች ያላነሰ ይነግራል።

አበበ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1932 በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። ከብት እየጠበቀ፣ ገና እየተጫወተ አደገ። ለአካለ መጠን ሲደርስ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ሩጫውን አይቶ ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በሮም ከ69 ሯጮች አንዱ ሆኖ ለማራቶን ሲሰለፍ በውጭው ዓለም የሚያውቀው አልነበረም። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ከአሠልጣኙ ጋር የመከረው ዕቅድ ቀላል ነበር፤ ዋናው ተፎካካሪ የሞሮኮው ረዲ ቤን ዓብደሰላም ስለሆነ በመለያ ቁጥሩ፣ በ26፣ እየፈለገ እንዲከታተለው ነበር። ረዲ ግን በዚያ ቀን የለበሰው ቁጥር 185 ነበር። ሩጫው ወደ ማታ ተጀምሮ ጨለማ ሲይዝ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው አበሩ። አበበ ከአንድ ሯጭ ጋር ጎን ለጎን እየሮጠ፣ ከፊት ይኖራል ብሎ የገመተውን ባለ ቁጥር 26 ሰው ለረጅም ኪሎ ሜትሮች ሲፈልግ ቆየ። አብሮት ይሮጥ የነበረው ራሱ ረዲ መሆኑን አላወቀም።

በውድድር ጭንቀት ላይ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ክስተት ቢመረምሩት ደግ ነበር። የሚፈራው ተፎካካሪ ትከሻ ለትከሻ ሲሮጥ አበበ አልተሸበረም፤ ምክንያቱም ማንነቱን አላወቀውም። ያየው አንድ ሯጭ፣ አንድ መንገድና በኒስካነን የተሰጠውን ሥራ ብቻ ነበር። የአክሱም ሐውልት በቆመበት ሥፍራ አጠገብ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ረዲ በ25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ሆነ። በዚያ ምሽት በፊተኛው መስመር የተፋለሙት ሁለቱም የአፍሪካ ልጆች መሆናቸው፣ አንዱም ከዐረቡ ዓለም መምጣቱ፣ ለዚህ ገጽ አንባብያን የተለየ ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም።

ጭንቀቱ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ያልታወቀ ሰው ቢሸነፍ ማንም አይጠይቀውም፤ አሸናፊ ግን በየሜዳው ሁሉ ስሙን ተሸክሞ ይሰለፋል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የክብር ዘበኛ አዛዦች የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርጉ አበበም የሠራዊቱ አባል በመሆኑ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። በ1961 በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሴ አሸነፈ። በ1963 በቦስተን ከፊት ሲመራ ቆይቶ ደክሞ አምስተኛ ወጣ።

ወደ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱ ታምሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሩጫው ሊካሄድ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ እንደገና ክብረ ወሰን አሻሻለ። ተከታዩ ወደ ስታዲየሙ ሲደርስ አበበ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

በዚያው ስታዲየም የሌላ ሰው ታሪክም ተፈጽሟል። ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ በሕዝቡ ፊት ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ በመጨረሻው ዙር ግን እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ አልፎት ሦስተኛ ሆነ። ነሐሱ ለጃፓን አትሌቲክስ ትልቅ ክብር ሆኖ ሳለ እሱ እንደ ሽንፈት ቆጠረው፤ በሜክሲኮ አስተካክላለሁ ብሎም ተነሳ። ጉዳት ደጋግሞ አሰናከለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1968 በ27 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ሁለቱም ወታደሮች፣ ሁለቱም የአገራቸውን ስም የተሸከሙ ነበሩ። አንዱን ከሌላው ጠንካራ ማለት ስሕተት ይሆናል። ሸክሙ ለማንም ቀላል እንዳልነበረ ግን የጹቡራያ ታሪክ ያሳያል።

አበበ ወደ ሜክሲኮ የሄደው እግሩ ተጎድቶ ነበር፤ አጥንቱ መሰንጠቁም ታውቋል። ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ሲደርስ አቋረጠ። ከማቋረጡ በፊት ለጓደኛው ለማሞ ወልዴ ድሉ የእሱ እንዲሆን አደራ ሰጠው። ማሞም አላሳፈረውም።

ከአምስት ወር ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1969 ሌሊት፣ አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። ሰው ደርሶለት ከመኪናው የወጣው በማግሥቱ ነበር። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ታከመ። እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ስቶክ ማንደቪል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። በዚያ የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል የመሠረቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን፣ አልጋ ላይ የተኛ ሰው በስፖርት ወደ ሕይወት ይመለሳል ብለው የሚያምኑ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ በሆስፒታሉ ግቢ 16 የቆሰሉ ወታደሮችን በቀስት አወዳድረው ነበር። የዛሬው ፓራሊምፒክ የበቀለው ከዚያ የቀስት ሜዳ ነው፤ ኩዌትም ከ1980 ጀምሮ ትሳተፍበታለች። የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው በሮም፣ በ1960 ነው። አበበ በባዶ እግሩ በሮጠ በስምንተኛው ቀን በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ ስፖርተኞች ወደዚያችው ከተማ ገብተው ቀስት ወረወሩ። ያኔ ስለ እነርሱ የሰማ ስለ መሆኑ ምልክት የለም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ከእነርሱ አንዱ ሆነ።

ጉትማን ቀስትን የመረጡት በምክንያት ነው። ገመዱን መሳብ ትከሻንና ክንድን ያጠነክራል፤ ወገቡ የማይታዘዘው ሰውም ሚዛኑን መጠበቅ ይማራል። እግሩ የጸና ቀስተኛ መሬቱን ረግጦ ይቆማል፤ ባለ ተሽከርካሪው ወንበር ግን ጽናቱን ሁሉ ከትከሻውና ከትንፋሹ ማምጣት አለበት። ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። ሯጭ ሲጨነቅ የልቡ ምት መጨመሩ ያን ያህል አይጎዳውም፤ ፍርሃቱን በእግሩ አውጥቶ መንገድ ላይ ሊተወው ይችላል። በኢላማ ፊት ግን ፍርሃት መውጫ የለውም። የልብ ምት እጅን ያንቀጠቅጣል፤ የእጅ ጥቂት መንቀጥቀጥ ደግሞ ኢላማው ዘንድ ሲደርስ ብዙ ይሆናል። ስለዚህ ኢላማ ተኳሾችም ሆኑ ቀስተኞች ትንፋሻቸውን በረጅሙ አውጥተው፣ ያለፈውን ምት ረስተው፣ ስለሚቀጥለውም ሳያስቡ አንዱን ምት ብቻ ይሠራሉ። የኩዌት ተኳሾችም በሸክላው ሰሌዳ ፊት የሚያደርጉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዓለም የታወቀ የማራቶን ባለድል ይህንን እንደ ጀማሪ መማር ነበረበት። እዚህ ላይ ያለው ፈተና ከሮሙ የተለየ ነው። በሮም ማንም አላወቀውም፤ አሁን ግን የሚያየው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ድሮ ምን እንደነበረም ያስታውሳል። ከሜዳው ቢቀር ሁሉም ያዝንለት ነበር እንጂ ማንም አይወቅሰውም። እ.ኤ.አ. በ1970 ግን በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። ዓለም የሚያስታውሰው በዚያ ውጤቱ አይደለም፤ በኢላማ ፊት መሰለፉ ግን ከሮምና ከቶኪዮ ስሙን ይዞ የመጣ ሰው በቀላሉ የማይደፍረው ነገር ነበር።

በ1971 በኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር የተጋበዘው በእንግድነት ነበር። በክብር ወንበር ተቀምጦ ማጨብጨብ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ቀስቱን አነሳ፣ በጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። አልፎም በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች አሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎችን ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገባ። የሸዋ ልጅ በበረዶ ላይ አሸነፈ መባሉ ተረት ይመስላል፤ ነገር ግን የሆነ ነገር ነው።

በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት። ማሞ ወልዴ በማራቶኑ ነሐስ አገኘ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ቀርቦ እጁን ጨበጠ።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1973 ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በአዲስ አበባ አረፈ፤ ዕድሜው 41 ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ። በቀብሩ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ 65,000 ያህል ሕዝብ ተገኘ።