ማርጋሬት ዴይሆፍ

ማርጋሬት ኦክሊ ዴይሆፍ (ማርች 11 ቀን 1925 – ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊት የኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ። ኮምፒውተርን ለሥነ ሕይወት ምርምር በማዋል ባዮኢንፎርማቲክስ የሚባለውን የጥናት ዘርፍ ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። የፕሮቲኖችን መረጃ በአንድ ቋት ሰብስበው ሌሎች ተመራማሪዎች ከሩቅ ሆነው እንዲፈልጉበት በማድረጋቸው ይታወቃሉ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወትና ትምህርት

በፊላደልፊያ ተወልደው በኒው ዮርክ አደጉ። በ1945 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመረቁ፤ በ1948 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኳንተም ኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። የምርምራቸውን ስሌት የሠሩት ለንግድ ሥራ በተዘጋጁና የተበሱ ካርዶችን በሚያነቡ መሣሪያዎች ነበር። በዚያው ዓመት የፊዚክስ ባለሙያ የነበሩትን ኤድዋርድ ዴይሆፍን አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

የፕሮቲን አትላስ

በ1960 ሮበርት ሌድሊ በመሠረቱት ብሔራዊ የባዮሜዲካል ምርምር ፋውንዴሽን ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ በ1962 ኮምፕሮቲን የተባለ ፕሮግራም አቀረቡ። ፕሮግራሙ የአንድን ፕሮቲን ቁርጥራጮች እርስ በርስ እያስተያየ ሙሉውን ቅደም ተከተል ይገጣጥማል።

ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሰንሰለት ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በሦስት ፊደል ይጻፍ ነበር። ዴይሆፍ የኮምፒውተር ቦታ ለመቆጠብ በአንድ ፊደል የሚጻፍበትን ዘዴ አዘጋጁ፤ ዛሬም ይሠራበታል። በ1965 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት አትላስ 65 ፕሮቲኖችን ይዞ ወጣ።

ከመጽሐፍ ወደ ስልክ መስመር

አዳዲስ ግኝቶች እየበዙ ሲሄዱ የታተመ መጽሐፍ ሊከተላቸው አልቻለም፤ ፈላጊውም ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነበረበት። ስለዚህ በ1980 የዴይሆፍ ቡድን ቋቱን በስልክ መስመር ከፈተ። ተመራማሪው ከራሱ ቤተ ሙከራ ሆኖ ከቡድኑ ኮምፒውተር ጋር በመገናኘት የፈለገውን ይጠይቅ ነበር። የዓለም አቀፍ ድር ሐሳብ የቀረበው ከዚያ በኋላ በ1989 ነው።

ሆኖም አትላሱ በሽያጭ የሚገኝ ነበር፤ መረጃውን እንደገና ማሰራጨትም ገደብ ነበረበት። ግኝታቸውን የላኩ ሳይንቲስቶች አንዳንዶቹ በዚህ ቅር ተሰኙ። በ1982 የአሜሪካ መንግሥት የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች ቋት ለማቋቋም ውል ሲሰጥ የዴይሆፍ ቡድን አላሸነፈም። ጄንባንክ የተባለው ይህ ቋት መረጃውን ለሁሉም ክፍት በሆነ መንገድ በሎስ አላሞስ ተደራጀ። ዴይሆፍ በቀጣዩ ዓመት በ57 ዓመታቸው በልብ ሕመም ሞቱ።

ቅርስ

የጀመሩት ሥራ ግን አልተቋረጠም። ባልደረቦቻቸው በ1984 የፕሮቲን መረጃ ማዕከልን አቋቋሙ። ማዕከሉ በ2002 ከሁለት የአውሮፓ ተቋማት ጋር ሆኖ ዩኒፕሮት የተባለውን ቋት መሠረተ። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ በድረ ገጹ የፕሮቲን ስም ጽፎ ቅደም ተከተሉን ያለ ክፍያ ያገኛል።