ሂው ኬርንስና የሞተረኛው የራስ ቁር

ሜይ 13 ቀን 1935 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት አውራጃ፣ በቦቪንግተን የጦር ሰፈር አጠገብ በሚያልፍ የገጠር መንገድ ላይ አንድ ሰው ሞተር ብስክሌቱን እየነዳ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። መንገዱ ከፍ ዝቅ የሚል ስለ ነበረ፣ ከፊቱ በብስክሌት ይሄዱ የነበሩትን ሁለት ልጆች ያያቸው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው። እነርሱን ለማዳን መሪውን ቢያጥፍ፣ ከሞተሩ ላይ ተወርውሮ ወደቀና ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎዳ። በራሱ ላይ ምንም ዓይነት መከላከያ አላደረገም ነበር። ራሱን እንደ ሳተ ስድስት ቀን ቆይቶ ሜይ 19 ቀን በጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ሞተ። ሟቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዐረቦች በቱርክ አገዛዝ ላይ ባነሡት ዐመፅ ውስጥ በፈጸመው ሥራ ስሙ በዓለም የታወቀው ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ ነበር። ዕድሜው 46 ዓመት ሲሆን፣ ከጦር አየር ኃይል አገልግሎት ከተሰናበተ ገና ሦስት ወር ያህል ነበር።

ሎረንስን ለማዳን ከተጠሩት ልዩ ሐኪሞች መካከል ሂው ኬርንስ የተባለ የ38 ዓመት አውስትራሊያዊ ይገኝ ነበር። ኬርንስ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በአንጎል ቀዶ ሕክምና ከሠለጠኑት ጥቂት ሐኪሞች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀቱም ሆነ ጥበበ እጁ ለዚህ በሽተኛ የሚፈይድለት ነገር አልነበረም። ሕመምተኛው አልጋው ላይ በተኛበት ሰዓት ጉዳቱ ተፈጽሞ አልቋል፤ የደቀቀ አንጎል በቀዶ ሐኪም ቢላዋ ወደ ነበረበት አይመለስም። አንድ ሐኪም እንዲህ ያለውን ሞት ተቀብሎ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ቢያልፍ የሚወቅሰው የለም። ኬርንስ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሕክምና ክፍሉ ወጥቶ ጉዳቱ ወደሚጀመርበት ወደ መንገዱ ሄደ። የሕይወቱ ታሪክ ለመሐንዲሶችም የሚነገር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሂው ዊልያም ቤል ኬርንስ ጁን 26 ቀን 1896 በደቡብ አውስትራሊያ በፖርት ፒሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከስኮትላንድ የመጣ የእንጨት ሠራተኛ ነበር። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ በመሆኑ በአደሌይድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀመረ፤ በመካከሉም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ በአውስትራሊያ ጦር የሕክምና ክፍል ውስጥ አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ የሮድስን የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1919 ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ቤሊዮል ኮሌጅ ሄደ። በዚያም ትምህርቱን ከመከታተሉ ሌላ፣ በ1920 ኦክስፎርድ ከኬምብሪጅ ጋር ባደረገው ዓመታዊ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ከቀዛፊዎቹ አንዱ ነበር። ቀጥሎም በሎንዶን ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ሥራ ላይ ተሠማራ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ግን በ1926 እና በ1927 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ያሳለፈው አንድ ዓመት ነው። በሮክፌለር ድርጅት ርዳታ ወደዚያ ተጉዞ፣ የዘመናዊ አንጎል ቀዶ ሕክምና አባት ተብሎ በሚጠራው በሐርቪ ኩሺንግ ሥር ሠራ። ኩሺንግ ጥንቃቄን እንደ ሃይማኖት የያዘ ሰው ነበር፤ የእያንዳንዱን በሽተኛ ታሪክ አንድ በአንድ ይጽፋል፣ ከዓመታት በኋላም ውጤቱን ይከታተላል። ኬርንስ ከመምህሩ ይዞት የተመለሰው የእጅ ጥበብን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ የመመዝገብና የመቁጠር ልማድ ጭምር ነበር። ወደ ሎንዶን ከተመለሰ በኋላ አጠቃላይ ቀዶ ሕክምናን ትቶ በአንጎልና በነርቭ ላይ ብቻ አተኮረ።

በ1937 ኬርንስ በኦክስፎርድ የመጀመሪያው የናፊልድ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ይህ ወንበር የተቋቋመው የሞሪስ አውቶሞቢል ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት ሎርድ ናፊልድ ለዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት በሰጡት ከፍተኛ ገንዘብ ነው። እኚህ ባለጸጋ ሥራቸውን የጀመሩት በዚያው በኦክስፎርድ ከተማ ብስክሌት በመጠገን ሲሆን፣ አውቶሞቢል ከመሥራታቸው በፊት ሞተር ብስክሌትም ሠርተዋል። ስለሆነም በሞተር ተሽከርካሪ ንግድ የተገኘ ሀብት፣ በሞተር ተሽከርካሪ የሚደርሰውን ጉዳት ለሚያጠና ሰው ወንበርና ቤተ ሙከራ ሆነ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲጀመር ኬርንስ ለእንግሊዝ ጦር የአንጎል ቀዶ ሕክምና አማካሪ ሆነ። በ1940 የሴቶች ኮሌጅ የነበረው የኦክስፎርዱ ሴንት ሂውስ ወደ ጦር ሆስፒታልነት ተለወጠና በጭንቅላታቸው ላይ የቆሰሉ ወታደሮች ወደዚያ ይላኩ ጀመር። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ወደ 13,000 የሚሆኑ ቁስለኞች በዚህ ሆስፒታል እንዳለፉ ይነገራል። ኬርንስ ባለሙያዎቹንና መሣሪያዎቹን በመኪና ጭኖ እስከ ጦር ግንባር የሚደርስ ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ቡድንም አደራጅቷል።

ከቁስለኞቹ ብዙዎቹ ግን የጠላት ጥይት ያገኛቸው አልነበሩም። በጦሩ ውስጥ መልእክት የሚያደርሱት በሞተር ብስክሌት የሚጓዙ ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ሞተረኞች ሌሊት ሳይቀር ይጓዛሉ፤ ከአየር ድብደባ ለመከላከል ሲባል መብራት በታገደበት አገር፣ ጨለማ በዋጠው መንገድ ላይ ይከንፋሉ። ጦርነቱ በተጀመረ በ21 ወር ጊዜ ውስጥ በብሪታንያ መንገዶች ላይ የሞቱት የሞተር ብስክሌት ነጂዎችና ተፈናጣጮች 2,279 ደርሰው ነበር። ኬርንስ ይህን ቁጥር በኦክቶበር 1941 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ በግልጽ አሰፈረው፤ ከሞት ምክንያቶችም እጅግ የሚበዛው የጭንቅላት ጉዳት መሆኑን አስረዳ።

በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሌላ አነስተኛ ቁጥር አለ። ኬርንስ የራስ ቁር አድርገው ሳለ አደጋ የደረሰባቸውን ሞተረኞች ቢፈልግ ያገኘው ሰባት ብቻ ነበር፤ ከሰባቱም የሞተ አልነበረም። የራስ ቁር በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አይደለም። ለእሽቅድምድም ሞተረኞች ከ1914 ጀምሮ ከሸራና ከሙጫ የተሠራ ቁር ይቀርብላቸው ነበር። ዕቃው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ እያለ በመንገድ ላይ የሚሞተው ሰው ግን አላደረገውም፤ የተወዳዳሪዎች ዕቃ እንጂ ለተራ መንገደኛ የሚያስፈልግ አልመሰለውም ነበርና። ኬርንስ ሰባት ሰው ለማረጋገጫ በቂ እንዳልሆነ ያውቃል። ቢሆንም በአንድ በኩል ከሁለት ሺህ በላይ ሬሳ፣ በሌላው በኩል ሰባት ከሞት የተረፉ ሰዎች ሲቆሙ፣ ሌላ ማስረጃ እስኪገኝ ብሎ ዝም ማለት ተገቢ ሆኖ አልታየውም። ስለሆነም የራስ ቁር እንዲለበስ አጥብቆ አሳሰበ።

በኖቬምበር 1941 የጦሩ ሞተረኞች ሁሉ በሥራ ላይ ሳሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ ግዴታ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት አደጋዎች ለኬርንስ የሚጠናበትን ጉዳይ በብዛት አቀረቡለት። በ1943 ሆልቦርን ከተባለ የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሆኖ፣ ቁር አድርገው የወደቁ ከመቶ የሚበልጡ ሞተረኞችን ታሪክ አቀረበ። በዚህ ጥናት የታየው ቁር ያደረጉት የሚደርስባቸው የአንጎል ጉዳት ቀለል ያለ መሆኑና የራስ ቅላቸውም የሚሰበረው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው። ከአደጋ የተረፈው ቁር ራሱ እንደ ማስረጃ ይመረመር ነበር፤ የት እንደ ተፋቀ፣ የት እንደ ተሰነጠቀ እየታየ የምቱ ስፍራና ኃይል ይገመታል።

ሐኪሙ የፊዚክስ ሊቅ ለምን እንዳስፈለገው መሐንዲስ የሆነ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። የራስ ቅል በጠንካራ ነገር ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱ በቅጽበት ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ጊዜው ባጠረ መጠን ኃይሉ ይበረታል። ቁር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የውጭው ልባስ በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈውን ምት በሰፊ ስፍራ ያከፋፍለዋል፣ የውስጡ መደገፊያ ደግሞ እየተለጠጠና እየተጨመቀ ጭንቅላቱ የሚቆምበትን ጊዜ ያረዝመዋል። የሚረዝመው በሺህ የሚቆጠር የሰከንድ ክፍልፋይ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ይህችው ቅጽበት ናት።

ሆልቦርን ከዚህም አልፎ ሄደ። አንጎል እንደ ውሃ ለመታመቅ የማይመች፣ ቅርጹን ለመለወጥ ግን እጅግ ቀላል የሆነ ነገር መሆኑን መነሻ አደረገ። ስለዚህም ጭንቅላት በድንገት ሲሽከረከር አንጎሉ ከራስ ቅሉ እኩል መዞር ስለማይችል፣ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ በመካከሉም ያሉት ክሮችና የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ይህን በራስ ቅል ቅርጽ ውስጥ ጄላቲን በመሙላት በሠራው አምሳያ አሳየ። የራስ ቅሉ ሳይሰበር ሰው ለምን ራሱን እንደሚስት፣ ለምንስ እንደሚሞት የሚያስረዳው ይህ ሐሳብ ዛሬም ለራስ ቁር ሥራ ከመሠረቶቹ አንዱ ነው። ኬርንስ ራሱ የሒሳብ ሰው አልነበረም፤ የእርሱ ብልኅነት የጎደለውን ዕውቀት የሚሞላለትን ሰው ከሌላ ሙያ ፈልጎ አብሮት መሥራቱ ነው።

በ1946 ስለ ራስ ቁር ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ። በዚህኛው ጽሑፍ ከ1939 እስከ 1945 በብሪታንያ የሞቱትን ሞተረኞች ቁጥር ወር በወር አሰለፈው። በሥዕላዊ መግለጫው ላይ የሞቱ መጠን እየወጣ ሄዶ፣ ቁር ለጦሩ ግዴታ ከሆነበት ከኖቬምበር 1941 በኋላ ሲያዘቀዝቅ ይታያል። ከአምስት ዓመት በፊት በሰባት ሰዎች ላይ ተመሥርቶ የተናገረው ቃል በአገር አቀፍ መዝገብ ተረጋገጠ። ይህም ሆኖ ሲቪሉ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ራሱን ሳይሸፍን ነበር የሚነዳው፤ የሚያስገድደውም ሕግ አልነበረም።

ኬርንስ ስሙ የሚነሣው በዚህ ሥራ ብቻ አይደለም። በ1943 ከፍሎሪ ጋር ወደ ሰሜን አፍሪካ ሄዶ ፔኒሲሊን በጦር ቁስለኞች ላይ እንዴት እንደሚያገለግል አጥንቷል፤ በሳንባ ነቀርሳ ተሐዋስያን ሳቢያ የሚመጣውን የአንጎል ሽፋን ብግነት ለማከም ስትሬፕቶማይሲን በሥራ ላይ ሲውል ከቀደሙት መካከል ነበር። በ1946 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው። ብዙ ወጣት ሐኪሞችን አሠልጥኖ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ላከ። በመጨረሻም እርሱ ራሱ በካንሰር ታሞ ጁላይ 18 ቀን 1952 በኦክስፎርድ በ56 ዓመቱ ዐረፈ።

በሞተበት ቀን በብሪታንያ መንገድ ላይ አንድም ሲቪል ሞተረኛ የራስ ቁር የማድረግ ግዴታ አልነበረበትም። ሕጉን ቀድማ ያወጣችው የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ናት፤ የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር በ1961 የራስ ቁርን ግዴታ አደረገች። ብሪታንያ ይህን ያደረገችው በ1973 ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፉ ከወጣ 32 ዓመት፣ ሎረንስ ከሞተ 38 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በመካከሉ የተካሄደው ክርክር ስለ ማስረጃ ብቻ አልነበረም። መንግሥት አንድን ጎልማሳ ከራሱ ድፍረት እንዲጠበቅ ማስገደድ ይገባዋልን የሚል የነጻነት ጥያቄም ነበረበት። ይህ ጥያቄ ክብደት ያለው ነው፤ ነገር ግን የጭንቅላት ጉዳት ከሞተረኛው ጋር ብቻ የሚቀር ጉዳት አይደለም። ሞቶ ባይሞት እንኳ ሚስቱን የማያውቅ ባል፣ ሥራውን የማያስታውስ ሠራተኛ ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ቤተ ሰቡ ነው።

የራስ ቁር አደጋን አያስቀርም። የሞተር ብስክሌት ጉዞ ዛሬም ከሌሎች የመንገድ ጉዞዎች ይልቅ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። በአገራችን በብዙ ከተሞችና የገጠር መንገዶች ላይ ሞተር ብስክሌት የእንጀራ ማግኛ ሆኗል፤ ነጂው ሁለት ሰው አፈናጥጦ፣ ራሱን ሳይሸፍን ሲያልፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የመንገዱን ጠመዝማዛ የሚቀይሰው፣ ዕይታ የሚጋርደውን ጉብታ የሚቆርጠው፣ የጥራት ደረጃ የሚያወጣውና የሚፈትነው መሐንዲስ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ ቆሞ እጁን ያጠፈበት ጉዳይ በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ገና ክፍት ነው።

ኬርንስ ሎረንስን አላዳነውም። በሴንት ሂውስ ያለፉትን ወጣት ሞተረኞችም ሁሉንም አላዳነም። ያደረገው ነገር እያንዳንዱን ሞት መዝግቦ፣ ቆጥሮ፣ ምክንያቱን ጠይቆ፣ ያገኘውን ለሚመለከተው ሁሉ ደጋግሞ መናገር ነው። ስሙን ሰምተው የማያውቁ ስንት ሞተረኞች በየአገሩ ከወደቁበት ተነሥተው፣ የተሰነጠቀ ቁራቸውን አውልቀው፣ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ገብተዋል።