አክሊሉ ለማ፣ እንዶድና የዓድዋ ወንዝ

ሮብ ገበያ ላደገ ሰው እንዶድ መተዋወቂያ አያስፈልገውም። በየአጥሩ ጥግ ይበቅላል። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ አረፋ በአረፋ ይሆናል። ለበዓል ጋቢና ነጠላ ነጭ የሚሆነው በሱ ነበር። እኔም ለብዙ ጊዜ የድሮ ሳሙና ነው ብዬ ብቻ ነበር የማስበው። በዚህ ቁጥቋጦ ምክንያት ከዓለም የጤና ባለሥልጣናት ጋር ዕድሜ ልካቸውን የተሟገቱ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እንዳሉ ያወቅኩት ስለ ሌላ ነገር ሳነብ ነው፤ ደም ስለሚያስመልስ የጉበት በሽታ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እስቲ ከጉበት እንነሳ። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም በአንድ ትልቅ የደም ሥር ተሰብስቦ በጉበት ውስጥ ያልፋል። ጉበት በሄፓታይተስ ቫይረስ ወይም በመጠጥ ተጎድቶ ጠባሳ ሲሞላው፣ ማለትም ሲሮሲስ ሲይዘው፣ ደሙ ማለፊያ ያጣል። እንደተደፈነ ቦይ ወደ ኋላ ይሞላና ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከሚያገኛቸው መንገዶች አንዱ የምግብ ቧንቧና ጨጓራ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። እነሱ ግን ያን ያህል ደም ለመሸከም አልተሠሩም። ያብጣሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል፣ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ሕመም ሳይሰማው የቆየ ሰው በድንገት ደም ያስመልሳል፤ ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደርስም።

ቢልሃርዚያም እዚሁ ያደርሳል፣ በሌላ መንገድ። ትሏ የምትኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ነው። ከምትጥላቸው እንቁላሎች ከፊሉ ከሰገራ ጋር ሲወጣ፣ ከፊሉ በደም ተገፍቶ ጉበት ውስጥ ይቀራል፤ ሰውነት በዙሪያው ጠባሳ ይሠራበታል። ከዓመታት በኋላ ጣፊያ ይገዝፋል፣ የደም ሥሮቹም ያብጣሉ። ከሲሮሲስ የሚለየው፣ ጉበቱ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሥራውን አለማቆሙ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ጉበቱ ገና የሚሠራ ሰው፣ ምናልባትም ወጣት፣ በልጅነቱ ወንዝ ገብቶ በመዋኘቱ በደም መፍሰስ ይሞታል።

ይቺ ትል ግን አንድ ድክመት አላት፤ ያለ ቀንድ አውጣ አትራባም። ውሃ የገባው እንቁላል ተፈልፍሎ የሚያድገው በአንድ ዓይነት የወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

አክሊሉ ለማ በ1935 ጅግጅጋ ተወለዱ። አሜሪካ ሄደው ተማሩ፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በ1964 ዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር ዓይናቸውን ያዘው። ሴቶች በእንዶድ (እዚያ ሽብቲ ነው የሚሉት) ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈዋል፤ ከሌላው ቦታ የበለጠ ብዙ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ከወንዙ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉ፤ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የሴቲቱን ስም ባነበብኩት ጽሑፍ ውስጥ አላገኘሁትም። ለእኔ ግን የመጀመሪያውን ሙከራ የሠራችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ዶክተር አክሊሉ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ዋናው ሥራ ግን ዓድዋ ላይ የተደረገው ነው። ከ1969 እስከ 1974፣ 5 ዓመት ሙሉ፣ ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። በትንንሽ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ በየአገሩ ያለውን እንዶድ እያነጻጸሩ፣ ብዙ ምርትና ብርቱ ኃይል ያለውን ዘር መረጡ፤ ቁጥር 44 ይባላል።

ይሄን ያህል ማስረጃ ይዘው እንግዲህ ዓለም እጁን ዘርግቶ ይቀበላቸዋል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አልተቀበላቸውም። በወቅቱ ገበያው ላይ የነበረው ቀንድ አውጣ ገዳይ ኒክሎሳማይድ ከውጭ የሚገባ ውድ ኬሚካል ነበር፤ እንዶድ ደግሞ አጥር ላይ የሚበቅል። የዓለም ጤና ድርጅት የመርዛማነት ምርመራ ሳይሟላ አልደግፍም አለ። ምርመራው በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች መደረግ ነበረበት፤ አፍሪካ ውስጥ የተሠራው አልበቃም። ዓመታት አለፉ።

እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ሐቁን እንስጥ። እንዶድ መርዝ ነው። ዓሣ ይገድላል፣ ሰውም ቢጠጣው ይጎዳል፤ አያቶቻችን ያጥቡበት ነበር ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምርመራ መጠየቁ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ፣ ምርመራውን የጠየቀው አካል ለምርመራው ገንዘብ ለማውጣት አለመቸኮሉ ይመስለኛል። በኋላ ከረዱት አንዱ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነበር።

በዚህ መሀል ሕክምናው ራሱ ወደፊት ሄደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ትሏን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል መጣ፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለው ክኒን እሱ ነው። በ1981 የፈረንሳይ ሐኪሞች የልብ መድኃኒት የነበረው ፕሮፕራኖሎል ሲሮሲስ ባለባቸው ሰዎች ላይ የደም መፍሰሱን መመለስ እንደሚቀንስ በጥናት አሳዩ። ርካሽ ክኒን ነው። ከዚያ ያበጠውን የደም ሥር በኢንዶስኮፒ እያዩ በትንሽ ላስቲክ ማሰር ተጀመረ፤ በ1992 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ይህ ዘዴ መርፌ ከመውጋት የተሻለ መሆኑን አረጋገጠ። ግን ላስቲኩም ኢንዶስኮፒውም ከተማ ነው ያለው። ከገጠር ለሚመጣ ሰው ደሙ ከመፍሰሱ በፊት፣ ወንዙ ዳር ሳለ ቢደረስለት ይሻላል፤ ዶክተር አክሊሉ የሚሟገቱትም ለዚሁ ነበር።

እሳቸው በኋላ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተሻግረው ሠሩ፤ ጣሊያን ፍሎረንስ ባለው የዩኒሴፍ ማዕከልም ነበሩ። በ1989 ከለገሠ ጋር ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990 አሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ነገሩ ያኔ ሌላ መልክ ያዘ። እዚያ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የምትዘጋ ዜብራ መስል የምትባል ባለ ቅርፊት ፍጥረት አስቸግራለች፤ እንዶድ ሞከሩባት፣ ገደላት። ለዚህ አጠቃቀም የባለቤትነት መብት ያወጣው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። ዓድዋም ሮብ ገበያም እዚያ ወረቀት ላይ የሉም።

ዶክተር አክሊሉ በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት አሁን በስማቸው ይጠራል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል።