ከመርሐ ቤቴ የመጣው ተማሪ
የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወትና የታላቅ ከተማ ኑሮ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታላቅ ከተማ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ማደሪያውና ጉርሱ ነው። ዛሬ በደቡብ አዲስ አበባ በኩል በሚገኘው በፉሪ ይህ አሳብ የብዙ ወጣት አሳብ ነው። የመሐል ከተማው ኪራይ የከበደው አዲስ ሠራተኛ አንዲት ክፍል ለመከራየት ወደዚያ ይወርዳል። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር መናኸሪያም ፉሪ ለቡ ስለሆነ፣ ከምሥራቅ በባቡር የሚመጣ መንገደኛ የዋና ከተማውን ምድር መጀመሪያ የሚረግጠው በዚሁ በኩል ነው።

እኛም ለእንዲህ ያለው ወጣት የሚጠቅም የሕይወት ታሪክ ስንፈልግ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አስታወስን። እኒህን ሰው አብዛኛው አንባቢ በደራሲነታቸውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ያውቃቸዋል። እኛ ግን ዛሬ የምንመለከታቸው ከሁሉ በፊት ከባላገር ወደ ከተማ እንደ ገባ ድኻ ተማሪ ነው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ በመርሐ ቤቴ ዴን በተባለው ቀበሌ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። አባታቸው ትምህርት ወዳድ ሰው ስለነበሩ ልጃቸው ፊደል እንዲቆጥር አደረጉ፤ ነገር ግን ልጁ ገና ለአካለ መጠን ሳይደርስ ሞቱበት። ዘመኑም ክፉ ዘመን ነበር። ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ የከብት እልቂትና ረኃብ አገሩን ስለ መታው፣ ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው ያ ጊዜ ስንቱን ገበሬ ያለ በሬ፣ ስንቱን ልጅ ያለ ወላጅ አስቀርቷል። አባት የሌለው የባላገር ልጅ በዚያን ጊዜ ያለው ምርጫ ጥቂት ነው፤ ለሰው ማደር ወይም ትምህርቱን ይዞ መሰደድ። ኅሩይ ትምህርቱን መረጡ። ከመርሐ ቤቴ ወደ ሰላሌ፣ ከሰላሌም ወደ እንጦጦ ተሻገሩ።

በዚያ ዘመን የነበረው ከተማ እንደ ዛሬው በሕንፃ ያሸበረቀ ባይሆንም ለአዲስ ገቢ ውድ ከተማ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ካደረጉ በኋላ ሠራዊቱ፣ መኳንንቱና ነጋዴው በዙሪያው ሰፈረ። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ብለው ከሰየሙት በኋላም ሕዝቡ እየበዛ ሄደ። ይህ ሁሉ ሰው የሚበላውን እህል የሚያስገባው ከሩቅ በአጋሰስ ጭኖ ነው። የማገዶውም ነገር እንዲሁ ነበር። በእንጦጦ ተራራ የነበረው ጥድ ለቤት ሥራና ለምድጃ እየተቆረጠ ስላለቀ፣ እንጨት ከሩቅ እየመጣ በዋጋ ይሸጥ ጀመር። ችግሩ ከመጽናቱ የተነሣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ሕንፃ አስጀምረው ነበር። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ማገዶ ባይሆን ኖሮ፣ አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት መቆየቷ ያጠራጥር ነበር።

ታዲያ ገንዘብም ዘመድም የሌለው ተማሪ በእንዲህ ያለ ከተማ እንዴት ኖረ ብሎ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሥርዓት ነው። ተማሪ የትም አገር ቢሄድ ከደብሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ያድራል፤ ቀን አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ሌሊት ቀለሙን ይቀጽላል። የቤት ኪራይ የሚጠይቀው የለም፤ መምህሩም የትምህርት ክፍያ አይቀበለውም። ከተሜው ለተማሪ ቁራሽ መስጠትን እንደ ግዴታ ይቆጥረው ነበርና፣ ድኻው ልጅ ከረኃብ በታች፣ ከጥጋብም በታች ሆኖ ይማራል። ኅሩይም በእንጦጦ ቅዱስ ራጉኤል ደብር ተጠግተው ትምህርታቸውን አደላደሉ። ኅሩይ ማለትም በግዕዝ የተመረጠ ማለት ነው፤ በዚሁ ስም ታወቁ።

ይሁን እንጂ ማደሪያ ማግኘት ብቻውን ሰውን ከተሜ አያደርገውም። ከተማው የሚፈልገውን ሙያ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ መንግሥቱ እየሰፋ፣ ደብዳቤና መዝገብ እየበዛ ሲሄድ፣ ብርዑን በሚገባ የሚይዝ ሰው ግን ጥቂት ነበር። ኅሩይ ይህን አስተዋሉ። በራጉኤል ከተማሪነት ወደ ጽሕፈት ሥራ ገቡ፤ በኋላም ከውጭ አገር ቋንቋ ጥቂት ለመቅሰም ጣሩ። በ1904 ዓ.ም በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና ባማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ቆጥረውና ዘርዝረው አሳተሙ። አኩፋዳ ይዞ የገባው ተማሪ የአገሩን መጻሕፍት መዝጋቢ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ኅሩይ ሌላ ታላቅ ከተማ አይተው ነበር። በ1903 ዓ.ም የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ለንደን ሲሄዱ አብረዋቸው ተጓዙ። የባቡር ሐዲዱ ገና አዲስ አበባ ስላልደረሰ፣ ከዋና ከተማው ተነሥተው ሐዲዱ እስካለበት ድረስ መጓዝ ያለባቸው በበቅሎ ነበር። ከበቅሎ ኮርቻ ወርዶ በለንደን ጎዳና መቆም ለአንድ የመርሐ ቤቴ ሰው ምን ያህል የሚያስደንቅ እንደሆነ አንባቢ ይገምተው። በ1916 ዓ.ም ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ዳግመኛ አዩ፤ በ1924 ዓ.ም ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ደረሱ። ከዚያም ሲመለሱ ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፍ ጽፈው ለአገራቸው ሰው አካፈሉ።

በ1909 ዓ.ም፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ ኅሩይ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ኃላፊነት ተሾሙ። ይህን ሹመት ከሌሎቹ ለይተን የምናነሣበት ምክንያት አለን። ከተማው በድኽነቱ የተቀበለው ሰው ከተማውን እንዲያስተዳድር ተሾመ፤ ከባላገር የሚገባው ሰው ችግር ለእርሳቸው በወረቀት ብቻ የሚያውቁት ጉዳይ አልነበረም።

የእንግዳውን ነገር በብርዓቸውም አልረሱትም። በ1925 ዓ.ም ባሳተሙት አዲስ ዓለም በተባለው ልብ ወለድ፣ አወቀ የተባለ የተጉለት ወጣት ትምህርት ፍለጋ እስከ ፓሪስ ሄዶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይመለሳል። የመጽሐፉ ዋና ጭንቀት ግን ፓሪስ አይደለም። አወቀ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘመዶቹ አያውቁትም፤ እርሱም የእነርሱን ልማድ፣ ይልቁንም ለተዝካር የሚወጣውን ወጪ፣ እንደ ቀድሞው ሊቀበለው አይችልም። ከተማ ከሰው ኪስ ብቻ ሳይሆን ከልቡም ዋጋ እንደሚያስከፍል ኅሩይ ያውቁ ነበር።

የመጨረሻው ስደታቸው ደግሞ ከሁሉ የከበደ ሆነ። የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲጓዙ ኅሩይም አብረው ተሰደዱ። በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው እንግሊዝ አገር ደረሱና በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሐውስ በተባለው የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ተቀመጡ። በዚያ ቤት ገንዘብ አጥሮ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የብር ዕቃቸውን በለንደን እስከ ማሸጥ ደርሰዋል። የውጭ መንግሥታት የተቀበሏቸው ሚኒስትር በስተርጅና እንደ ገና የባዕድ ከተማ እንግዳ ሆኑ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም ነጻነትን ሳያዩ በዚያው ዐረፉ። ዐፅማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

ከዚህ ሕይወት ወጣቱ አንባቢ ምን ይማር? ትጋት ብቻ ብንል ግማሹን ብቻ ተናገርን። ኅሩይን ያቆማቸው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሙያቸው፣ ሁለተኛው ኪራይ ያልጠየቃቸው ደጅ ነው። የዛሬው ወጣት ሙያውን በዩኒቨርሲቲ ይዞ ይመጣል፤ ደጁን ግን በገንዘብ ይገዛዋል። ስለዚህ መብቱን ይወቅ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ማስመዝገብ ይገባል። እቁብ መግባት፣ ከጎረቤት ጋር በእድር መተሳሰርም ለብቸኛ ሰው የዘመድ ያህል ነው።

በቢሮ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ወጣት ባለሥልጣን ደግሞ ሌላ ቃል አለን። ውሉን ሊያስመዘግብ በመስኮትህ ፊት የቆመው ሰው ማደሪያ ፍለጋ ሲዞር የሰነበተ ነው። ጉዳዩን ዛሬ ብትፈጽምለት አንድ የሥራ ቀን ያተርፋል፤ ነገ ና ብትለው ግን የታክሲ ገንዘቡንና የአለቃውን ፊት ያጣል። ኅሩይ ከድኽነት ወደ ማዘጋጃ ቤት ወንበር ሲደርሱ በመንገዳቸው ላይ ቁራሽ የሰጠ፣ ማደሪያ ያልነሣ ሰው ነበረ። ያ ሰው ስሙ በታሪክ አልተጻፈም፤ ሥራው ግን ተጽፏል።