ጆን ሃሪሰን፤ ባሕሩን በሰዓት የረታው አናጢ

ዛሬ አንዳንድ መንገደኛ በእጁ ላይ የሚያስራት፤ በየቀኑ በጣት እየተሞላች የምትሄድ ሰዓት፤ ከተለመዱት ጠቋሚዎች ሌላ አንድ ተጨማሪ ጠቋሚ አላት። አንዱ ጠቋሚ ሰውየው ያለበትን አገር ጊዜ፤ ሌላው ትቶት የመጣውን አገር ጊዜ ያሳያል። ይህ ነገር ለምቾት ብቻ የታሰበ ይመስላል። ዳሩ ግን የሁለት ቦታን ጊዜ ባንድነት ማወቅ በ18ኛው መቶ ዓመት ለባሕረኞች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበረ። ይህንን ችግር በሰዓት የፈታው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያልገባ እንግሊዛዊ አናጢ፤ ጆን ሃሪሰን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ሃሪሰን በ1693 በዮርክሻየር ግዛት ፎልቢ በምትባል መንደር ተወለደ። የአባቱን የአናጢነት ሙያ ከተማረ በኋላ፤ ገና 20 ዓመት ሲሆነው፤ በ1713 መንኰራኵሩ ከእንጨት የሆነ ሰዓት ሠራ። በዚያን ዘመን ሰዓትን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ቅባቱ እየደረቀ መሄዱ ስለ ነበረ፤ ሃሪሰን በተፈጥሮው ቅባት ያለውን ጠንካራ እንጨት መርጦ፤ ቅባት የማያስፈልገው ሰዓት አበጀ። ሙቀት ብረትን እንደሚያስረዝምም ተመልክቶ፤ ነሐስና ብረት አጣምሮ የአንዱን መርዘም በሌላው የሚያርም ፔንዱለም ሠራ።

በዚያን ጊዜ መርከበኛ በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለበትን ቦታ በፀሐይና በከዋክብት ከፍታ ያውቅ ነበር። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያለውን፤ ማለትም ኬንትሮሱን፤ ግን በግምት ብቻ ነበር የሚናገረው። በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ቦታ በትክክል ሳያውቁ ከሲሊ ደሴቶች ዓለት ጋር ተላትመው ሰጠሙ፤ ከ1,400 የማያንሱ ሰዎችም አለቁ።

ምሥጢሩ በጊዜ ውስጥ ነበር። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፤ አንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፤ 4 ደቂቃም አንድ ዲግሪ ይሆናል። እንግዲህ መርከቡ ካለበት ላይ ፀሐይ በአናት ሆና ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን፤ የወደቡን ጊዜ የያዘው ሰዓት 9 ቢል፤ ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ነውና መርከቡ ከወደቡ 45 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ሄዷል ማለት ነው። ነገር ግን በማዕበል እየተናወጠ፤ ከብርድ ወደ ሐሩር እየተሻገረ የማይሳሳት ሰዓት በዓለም አልነበረም። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1714 ሕግ አውጥቶ፤ ኬንትሮስን እስከ ግማሽ ዲግሪ አጥርቶ ለሚያሳይ 20,000 ፓውንድ ሽልማት ወሰነ፤ ይህንንም የሚመረምር ጉባኤ አቆመ። እንደ ኒውተን ያለ ሊቅ እንኳ ሰዓት ይህን መሥራቱን ተጠራጥሮ ነበር።

ሃሪሰን በ1730 ወደ ለንደን ሄዶ ኤድመንድ ሃሌይንና ስመ ጥሩውን ሰዓት ሠሪ ጆርጅ ግራሃምን አገኘ። ግራሃም ተፎካካሪ መጣብኝ ሳይል ያለ ወለድ ገንዘብ አበደረው። በ1735 ያለቀው የመጀመሪያው የባሕር ሰዓት 34 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በ1736ም ወደ ሊዝበን ተጉዞ በመልካም ተፈተነ። ሃሪሰን ግን ጉድለቱን ከማንም በፊት ራሱ አይቶ ሌላ ልሥራ አለ። ሁለተኛውን ሠርቶ ናቀው፤ በሦስተኛውም ላይ 19 ዓመት ያህል ደከመ።

በመጨረሻም ትልቅነትን ትቶ በ1759 ወርዷ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነች አራተኛ ሰዓት ፈጸመ። ይህች ሰዓት በሰከንድ አምስት ጊዜ ትመታለች፤ በየቀኑ በእጅ ትሞላለች፤ በምትሞላበትም ጊዜ እንዳትቆም የሚያደርግ ብልሃት አላት። በ1761 ልጁ ዊልያም ይዟት ወደ ጃማይካ ተጓዘ፤ ከ80 ቀን በላይ ከተሄደ በኋላ የተገኘባት ስሕተት 5 ሰከንድ ያህል ነበር። ጉባኤው ግን ይህ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብሎ ሁለተኛ ፈተና አዘዘ። በ1764 ወደ ባርባዶስ በተደረገው ጉዞ ስሕተቷ 39 ሰከንድ ያህል ሆነ፤ ሕጉ የፈቀደው ሁለት ደቂቃ ነበር።

አሁንም ሽልማቱ በሙሉ አልተሰጠም። ጉባኤው ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሰዓት ሊሠራ ይችላልን ብሎ መጠየቁ፤ የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሁሉ የሚጠይቀው ተገቢ ጥያቄ ነበር። ፈተናው ካለፈ በኋላ አዲስ ግዴታ መጨመሩ ግን ለፍርድ የሚከብድ ነው። በ1765 ምሥጢሩን ከገለጸ በኋላ እኩሌታውን ከፈሉት፤ ሰዓቶቹንም እንዲያስረክብ አደረጉ። ሰዓቷን በግሪኒች እንዲመረምር የታዘዘው ኔቪል ማስክሊንም ኬንትሮስን በጨረቃ ለማግኘት የሚጥር ሊቅ ነበረ፤ በዚህ ነገር የሃሪሰን ተፎካካሪ እንጂ ገለልተኛ አልነበረም።

ሽማግሌው ተስፋ ሳይቈርጥ አምስተኛ ሰዓት ሠራ። በ1772 ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ራሱ በሪችመንድ በሚገኘው የከዋክብት መመልከቻው ፈትኖ ትክክለኛነቷን አረጋገጠ። በ1773 ፓርላማው ከጉባኤው ውጭ 8,750 ፓውንድ ሰጠው፤ ሙሉው ሽልማት ግን በሽልማትነቱ ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። ላርከም ኬንዳል የአራተኛዋን ቅጂ ሠርቶ ስለ ነበር፤ ካፒቴን ኩክ ከ1772 እስከ 1775 ባደረገው ጉዞ ይዟት ዞረ፤ ታማኝነቷንም መሰከረ። ጉባኤው ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። ሃሪሰን በ1776 በለንደን አረፈ።

ለረጅም ዘመን ተረስተው የነበሩትን ሰዓቶች ሩፐርት ጉልድ የተባለ የባሕር ኃይል መኰንን ከ1920 ጀምሮ አድሶ ነፍስ ዘራባቸው፤ ዛሬም በግሪኒች ይታያሉ።

ተማሪ ከሃሪሰን ሕይወት የሚያገኘው ትምህርት፤ ሌላው ሳያርመው የራሱን ሥራ ማረምን ነው። በወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣት ሹም ደግሞ የጉባኤውን ታሪክ ቢያስብ ይጠቅመዋል። መዛኙ በሥራው መካከል ሚዛኑን ከለወጠ፤ የሚጐድለው የሠሪው ሥራ ሳይሆን የመዛኙ ስም ነው።