ቀኝና ግራን የመረመሩት ዶክተር ዉ

በዚህ ጽሑፋችን የእግዚአብሔርን ፍጥረት በትጋት የመረመሩ የአንዲት ሴት ሊቅ ታሪክ በአጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ቺየን ሺዩንግ ዉ በ1912 በቻይና አገር በሻንጋይ አቅራቢያ ሊዩሄ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ማስተማር የተለመደ አልነበረም። አባታቸው ግን የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ልጃቸውም ፊደል የቆጠሩት በዚያው ነው። በ1936 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1940 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። ይሁን እንጂ አገራቸው በጦርነትና በመንግሥት ለውጥ ስትናወጥ ወላጆቻቸውን ዳግመኛ ሳያዩ ቀሩ።

ታላቁን ሥራቸውን ለመረዳት መስተዋትን እናስብ። አንድ ሰው በመስተዋት ፊት ቢያማትብ ቀኝ እጁ ግራ መስሎ ይታያል። የዚያን ጊዜ ሊቃውንት ተፈጥሮ ቀኝና ግራን አትለይም፣ በመስተዋት የሚታየው ሁሉ በውጭም ሊሆን ይችላል ይሉ ነበር። በ1956 ሱንግ ዳኦ ሊና ቼን ኒንግ ያንግ የተባሉ ሁለት ቻይናውያን ሊቃውንት፣ አንዳንድ አተሞች ጨረር እየሰጡ በሚፈርሱበት በደካማው ኃይል ረገድ ይህ አሳብ ጨርሶ እንዳልተፈተነ አስተዋሉ። ስመ ጥሩው ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን አሮጌው አሳብ እንደሚጸና እርግጠኛ ነበሩ።

ዶክተር ዉ ከባለቤታቸው ጋር ሊሄዱበት የተዘጋጁትን የባሕር ማዶ ጉዞ ትተው፣ ባላቸውን ብቻቸውን ሸኝተው ወደ ሥራ ገቡ። በዋሺንግተን ከነኤርነስት አምብለር ጋር ሆነው ኮባልት 60 የተባለውን ንጥረ ነገር እጅግ አቀዘቀዙ። የዋግ ደጋ ውርጭ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እንደ እሳት ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሊደርስ ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበርና።

የኮባልት አተም አስኳል እናቶቻችን እንደሚፈትሉበት እንዝርት ይሾራል። እንዝርቶቹ በመግነጢስ ኃይል በአንድ ወገን እንዲሾሩ ተደረገ። ከነሱ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ወደ ላይና ወደ ታች እኩል አልነበሩም፤ ወደ አንዱ ጫፍ በዙ። መግነጢሱ ተገልብጦ ሹረቱ ሲለወጥ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ በዙ። የቆመ እንዝርት በመስተዋት ሲታይ ሹረቱ ይገለበጣል እንጂ ላይና ታቹ አይለወጥም። ስለዚህ በመስተዋቱ የታየው ነገር በእውነተኛው ዓለም የማይገኝ ሆነ። ደካማው ኃይል ቀኝና ግራን ይለያል ማለት ነው!

ውጤቱ በጥር 1957 ተገለጠ፤ ፓውሊም እውነቱን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ለሊና ለያንግ ሲሰጥ ዶክተር ዉ አልተጨመሩም። ሥራቸውን ግን አልተዉም። በ1975 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የመጀመሪያይቱ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1978 የዎልፍን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐርፈው አባታቸው በከፈቱት ትምህርት ቤት ግቢ ተቀበሩ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ፈጣሪ ዓለምን እኛ ባማረን መንገድ ብቻ ሠርቶታል ብለን አንወስን፤ ሥራውን በትሕትና እንመርምር። በአቅራቢያችን ያለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት የፈለፈሉ አባቶቻችን ድካማቸውን በስማቸው አላስጠሩበትም፤ ሥራው ግን ይመሰክራል። ደግሞም እኅቶቻችን ከትምህርት እንዳይቀሩ እንትጋ። ያ አባት በሩን ባይከፍት ኖሮ ይህች ሊቅ ከየት ትገኝ ነበር?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።